ዝማም ፔዳሉን እስክትረግጥ ድረስ

ጆሮውን የሚያውሰኝ ይቅረብ። ነገሩ አጭር ነበር፤ ያስረዘሙት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ዝማም የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። በረንዳዋ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላት፤ በእሱ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የሰፋችውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጥቅሉን ተሸክማ፣ መንገድ ተሻግራ ለአሠሪዋ ታደርሳለች። አንድ ማለዳ እንዲሁ ስትሻገር ባጃጅ ገጫት። ጥቅሉ ወዲያ ወደቀ፣ ዝማም ወዲህ ወደቀች፣ የቀኝ ቅልጥሟም ለሁለት ተሰበረ።

ባጃጁን የሚነዳው ምንተስኖት የሚባል የሰፈሯ ልጅ ነው። ባጃጁ ግን የእሱ አይደለም፤ የቅቤ ነጋዴዋ የእትዬ አልጣሽ ነው። እግሯ በጄሶ ታስሮ ገና ቤቷ ሳትደላደል ሽማግሌ ተቀመጠ። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ድልነሳው ሁለቱን ወገን አቀራረቡ። ምንተስኖት እግሯ ሥር ተደፋ፤ እሷም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችው። እሷ እንዳትከስ፣ እሱም ለፖሊስ ቃሉን እንዳይሰጥ ተማማሉ። በምትኩ ልጁ እስክትድን ድረስ በባጃጁ በነፃ እንዲያመላልሳት ተወሰነ። ሁሉም ተቃቅፎ ተለያየ። እርቁ ያማረ ነበር፤ አጥንቱ ግን አልታረቀም።

የዝማም ፍላጎት ትንሽ ነበረች። እግሯ ድኖ ፔዳሉን እንዲረግጥላት ፈለገች። ሌላ አልጠየቀችም።

ሆስፒታል ሄደች፤ ያደረሳት ምንተስኖት ነው። ሐኪሟ ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ አየች።

«ጄሶ ብቻውን አይበቃውም» አለቻት። «ብረት ገብቶለት ነው የሚገጠመው። እንዲሁ ከቆየ ጠሞ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ፔዳል መርገጡን እርሺው።»

«እሺ፣ ብረቱ ይግባልኝ።»

«ብረቱ እኛ ጋ የለም፤ ከውጭ ይገዛል። የሚከፍልልሽ መድን አለሽ?»

«የጤና መድን አለኝ። በየዓመቱ አሳድሳለሁ።»

«እንግዲያው እነሱ እንከፍላለን ይበሉ፤ እኔ እገጥማለሁ።»

ሐኪሟ ጤና መድኑ ካልከፈለ አልገጥምም አለች፤ እግሯም ፔዳሉን አልረገጠም።

ወደ ጤና መድኑ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ብዙ ሰው ቆሟል። ተራዋ ሲደርስ ጠረጴዛው ጋ ለተቀመጠችው ልጅ እንዲህ አለቻት፦ «እህቴ፣ እናንተ ክፈሉ፤ ሐኪሟ አጥንቴን ትግጠም፤ እግሬም ፔዳሉን ይርገጥ።»

ልጅቷ በቃሏ የያዘችውን አወረደችው። «ወባ ቢይዝሽ እንከፍላለን። ብትወልጂ፣ አልጋ ብትይዢ፣ ሆድሽ ቢቀደድ፣ ከደረጃ ብትወድቂ እንከፍላለን። ለመነጽር አንከፍልም፤ ለሰው ሠራሽ ጥርስ አንከፍልም፤ ሌላ መድን ላለው ጉዳትም አንከፍልም። ምን አግኝቶሽ ነው?»

«ለአሠሪዬ ዩኒፎርም ተሸክሜ መንገድ ስሻገር ባጃጅ…»

«በቃ፤ ሥራ ላይ ነበርሽ። የሥራ ላይ ጉዳት የአሠሪ ነው።»

«ባጃጅ እኮ ነው የገጨኝ።»

«ቢሆንም መጀመሪያ አሠሪሽ የእኔ አይደለም ይበል።»

ከኋላዋ የቆመ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ «ከደረጃ ወደቅኩ በያትና ተገላገይ» አላት።

«ደረጃ የለኝም» አለችው ዝማም፤ «ቤቴ ምድር ነው። ደግሞ ሳልወድቅ ለምን እወድቃለሁ? የገጨኝ ተገኝቷል፣ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

ጤና መድኑ አሠሪው ካልመሰከረ አልከፍልም አለ፤ ሐኪሟ ጤና መድኑ ካልከፈለ አልገጥምም አለች፤ እግሯም ፔዳሉን አልረገጠም።

ወደ አሠሪዋ ሄደች። አሠሪዋ ሱቁ ውስጥ የዩኒፎርም የደረት ኪስ አዝራር ይቆጥር ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይመስክሩልኝ፤ ጤና መድኑ ይክፈል፤ ሐኪሟ አጥንቴን ትግጠም፤ እግሬም ፔዳሉን ይርገጥ።»

«ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?»

«ሠራተኛዬ ናት፣ ወይ ሠራተኛዬ አይደለችም ብለው።»

አሠሪው አሰበ። ሠራተኛዬ ናት ቢል የሕክምናው ወጪ ሊመጣበት ነው። አይደለችም ቢል ደግሞ ነገ ዩኒፎርሙን ማን ይሰፋለታል? እንዲህ ያለ ሰው ሁለቱንም አይልም። «የእኔ መድን በዚህ በር ውስጥ መርፌ የወጋውን፣ መቀስ የቆረጠውን ነው የሚያውቀው» አላት። «አንቺ የሰፋሽውን ቆጥሬ እከፍልሻለሁ፤ ደመወዝተኛ አይደለሽም።»

«የተሸከምኩት ዩኒፎርም ግን የርስዎ ነበር።»

«ዩኒፎርሙ ደርሶኛል። ጭቃ ነክቶት ነበር፤ አሳጠብኩት፤ ምንም አላልኩሽም።»

ዝማም ክራንቿን አስተካከለች። አልሄደችም።

«ስሚ» አላት አሠሪው፣ ቆማ ስትቀርበት። «የገጨሽ ጎማ ነው። ጎማ የራሱ መድን አለው፤ የመኪና መድን፣ ሦስተኛ ወገን ይሉታል። መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ፤ ከዚያ እኔ እናገራለሁ።»

አሠሪው የመኪናው መድን ካልተናገረ አልመሰክርም አለ፤ ጤና መድኑ አሠሪው ካልመሰከረ አልከፍልም አለ፤ ሐኪሟ ጤና መድኑ ካልከፈለ አልገጥምም አለች፤ እግሯም ፔዳሉን አልረገጠም።

ምንተስኖት ወደ መኪናው መድን አደረሳት። እዚያ ከረባት ያሰረ ሰው ተቀብሎ ወንበር ሰጣት። ወንበር የሰጣት የመጀመሪያው ሰው ስለሆነ ተስፋ አደረገች።

«ጌታዬ፣ እናንተ ተናገሩ፤ አሠሪዬ ይመስክር፤ ጤና መድኑ ይክፈል፤ ሐኪሟ አጥንቴን ትግጠም፤ እግሬም ፔዳሉን ይርገጥ።»

ሰውየው በትህትና አስረዳት። «የባጃጁ ባለቤት አንደኛ ወገን ናት። እኛ ሁለተኛ ወገን ነን። የተገጨው ሰው ሦስተኛ ወገን ነው። እርስዎ ሦስተኛ ነዎት ማለት ነው።»

«ሁልጊዜም ሦስተኛ ነኝ።»

«በዚህኛው ሦስተኛ መሆን ነው የሚሻለው። የተገጨውን ሰው ሕክምናና ጉዳት ነው የምንሸፍነው። ለባጃጁ መብራት አይደለም፣ ለሹፌሩም አይደለም፤ ለርስዎ ነው። ባለቤቷ ለዓመቱ ከፍላለች፤ ዓመቱም ገና አላለፈም።»

«ታዲያ ይክፈሉልኛ።»

«የፖሊስ ማስረጃ ያምጡልኝ። ያለ ፖሊስ ማስረጃ አደጋው ለእኛ አልደረሰም።»

ዝማም ጄሶዋን አየችው። ለእሷ ደርሷል።

የመኪናው መድን ፖሊስ ካልጻፈ አልናገርም አለ፤ አሠሪው የመኪናው መድን ካልተናገረ አልመሰክርም አለ፤ ጤና መድኑ አሠሪው ካልመሰከረ አልከፍልም አለ፤ ሐኪሟ ጤና መድኑ ካልከፈለ አልገጥምም አለች፤ እግሯም ፔዳሉን አልረገጠም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቤቱ ይገባል። ይገባና ያነክሳል፤ ሲያነክስም ዕድሌ ነው ይላል። ዕድሉ ግን አይደለም። ዝማም ይህ ስለገባት አልገባችም። «ፖሊስ ጣቢያ ንዳ» አለችው ልጁን። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ ነዳ ግን።

ሳጅኑ ዴስኩ ላይ ነበር። «ሳጅን፣ እርስዎ ይጻፉ፤ የመኪናው መድን ይናገር፤ አሠሪዬ ይመስክር፤ ጤና መድኑ ይክፈል፤ ሐኪሟ አጥንቴን ትግጠም፤ እግሬም ፔዳሉን ይርገጥ።»

«አጭር የለሽም?» አላት ሳጅኑ።

«አጭሩን የሚሰጠኝ አጣሁ።»

«እንዲህ ያለ አደጋ እኔ ዘንድ አልመጣም።»

«ታርቀን ነው።»

«ታርቃችኋላ። የታረቀ ነገር ምኑ ይጻፋል?»

«አልከስም ብያለሁ፤ አልከስምም። እንዲታሰርልኝ አልመጣሁም። ለመድኑ የሚሆን ወረቀት ነው የምጠይቀው።»

ሳጅኑ ትንሽ ለዘብ አለ። «ሹፌሩ በራሱ እግር ይምጣና ገጭቻለሁ ይበል። ያልተነገረኝን አልጽፍም። የት እንደሚገኝ ታውቂያለሽ?»

ዝማም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ምንተስኖት በሩ ላይ ባጃጁን አቁሞ የእሷን መቀመጫ በጨርቅ ይወለውላል።

«አውቃለሁ» አለች።

ሳጅኑም አየው። «እሱ ነው እንዴ ያመጣሽ?»

«እሱ ነው የሚያመጣኝ፣ እሱ ነው የሚመልሰኝ።»

ሳጅኑ ሳቁን በመዳፉ ያዘ። ሳቁን ያዘ እንጂ ብዕሩን አልያዘም።

ዝማም ወጥታ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠች። «ምንቴ፣ አንተ ተናገር፤ ሳጅኑ ይጻፍ፤ የመኪናው መድን ይናገር፤ አሠሪዬ ይመስክር፤ ጤና መድኑ ይክፈል፤ ሐኪሟ…»

«ሰምቻለሁ እኮ እትዬ ዝማም። በየበሩ ሆኜ ስሰማው ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ለምን ታስደግመኛለህ? ግባና ተናገር።»

ምንተስኖት መሪውን ጨበጠ። «ምያለሁ» አለ። «ጋሽ ድልነሳው ፊት ነው የማልኩት። መሐላውን የጣስኩ እንደሆነ በሰፈሩ ማን ያምነኛል፣ ማንስ ይሳፈርብኛል? እሳቸው ይፍቱኝ እንጂ፣ እምቢ ያልኩት እታሰራለሁ ብዬ አይደለም። ቅጣቱን እችላለሁ። አንቺን በክራንች ከማውጣትና ከማስገባት ቅጣቱ ይሻለኛል።»

ልጁ ሽማግሌው ካልፈቱኝ አልናገርም አለ፤ ሳጅኑ ልጁ ካልተናገረ አልጽፍም አለ፤ የመኪናው መድን ፖሊስ ካልጻፈ አልናገርም አለ፤ አሠሪው የመኪናው መድን ካልተናገረ አልመሰክርም አለ፤ ጤና መድኑ አሠሪው ካልመሰከረ አልከፍልም አለ፤ ሐኪሟ ጤና መድኑ ካልከፈለ አልገጥምም አለች፤ እግሯም ፔዳሉን አልረገጠም።

ጋሽ ድልነሳው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ አይተው ደስ አላቸው። «እዩ፣ የእኔ እርቅ እንዲህ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እርቁ እንዳለ ይቆይ፤ መሐላውን ብቻ ይፍቱ» አለች ዝማም። «እርስዎ ልጁን ይፍቱት፤ ልጁ ይናገር፤ ሳጅኑ ይጻፍ፤ የመኪናው መድን ይናገር፤ አሠሪዬ ይመስክር፤ ጤና መድኑ ይክፈል፤ ሐኪሟ አጥንቴን ትግጠም፤ እግሬም ፔዳሉን ይርገጥ።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ መሐላውን ያዝኩ እንጂ አላሰርኩትም። ለፖሊስ አይነገር ብላ የለመነችኝ አልጣሽ ናት። እሷ ሳትል ብፈታው ሽማግሌነቴ ምን ሊሆን ነው?»

«እግሬስ ምን ሊሆን ነው?»

«እሱን እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል።»

«ፈጣሪ ያውቃል፤ ሐኪሟም ታውቃለች። እርስዎም አሁን አወቁ።»

ጋሽ ድልነሳው ይህን አልወደዱትም። ሰው አስታርቀው የሚመሰገኑ ናቸው፤ ከታራቂዎቹ የትኛው እንዳነከሰ ጠይቆ የሚያውቃቸው አልነበረም። ቢሆንም አልፈቱም።

ሽማግሌው እትዬ አልጣሽ ካላሉ አልፈታም አሉ፤ ልጁ ሽማግሌው ካልፈቱኝ አልናገርም አለ፤ ሳጅኑ ልጁ ካልተናገረ አልጽፍም አለ፤ የመኪናው መድን ፖሊስ ካልጻፈ አልናገርም አለ፤ አሠሪው የመኪናው መድን ካልተናገረ አልመሰክርም አለ፤ ጤና መድኑ አሠሪው ካልመሰከረ አልከፍልም አለ፤ ሐኪሟ ጤና መድኑ ካልከፈለ አልገጥምም አለች፤ እግሯም ፔዳሉን አልረገጠም።

ቀረ የእትዬ አልጣሽ ሱቅ። እትዬ አልጣሽ ቅቤ ይመዝናሉ፤ ሚዛናቸው ላይ ዓይናቸውን ጥለው ነው ሰው የሚያናግሩት።

«እትዬ፣ እርስዎ ጋሽ ድልነሳውን ፍታ ይበሏቸው፤ ጋሽ ድልነሳው ልጁን ይፍቱት፤ ልጁ ይናገር፤ ሳጅኑ ይጻፍ፤ የመኪናው መድን ይናገር፤ አሠሪዬ ይመስክር፤ ጤና መድኑ ይክፈል፤ ሐኪሟ አጥንቴን ትግጠም፤ እግሬም ፔዳሉን ይርገጥ።»

እትዬ አልጣሽ ከዚያ ሁሉ አንዷን ነጥለው ያዙ። «የመኪናው መድን? የኔን መድን ልትነኪብኝ ነው?»

«ለእኔ እኮ ነው የተከፈለው።»

«ላንቺ? አንቺን መቼ አውቄሽ? ባጃጁን ከገዛሁ ጀምሮ በየዓመቱ ስከፍል አንድም ቀን አልነካሁትም። እንዲጠራቀም ብዬ ነው። አሁን ላንቺ እግር ከወጣ የእኔ ዕጣ ምን ሊሆን ነው?»

«የምን ዕጣ?»

«ዕጣዬ ነዋ። ሁሉም ባለመኪና ይከፍል የለ? ሁሉም ከከፈለ አንድ ቀን ለሁሉም ይደርሰዋል። እኔም ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። ለፖሊስ አይነገር ያልኩት ለምን ይመስልሻል? ልጁ እንዳይታሰር ብቻ መሰለሽ?»

ዝማም ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ያልተጋበዘችበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከበር በር ስትንከራተት አንድም ሰው መንገድ አላሳያትም፤ ሁሉም ግን የእሱ መድን ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን ነግሯታል። አሁን ሁሉንም ታውቃለች።

«እትዬ፣ እርስዎ እቁብ መስሎዎት ነው» አለች። «እቁብ አይደለም፤ እድር ነው።»

«ምኑ ነው እድር?»

«የእድር ሲከፍሉ ኖረዋል። ዓመቱ ሰው ሳይሞትብዎ ሲያልፍ ገንዘቤን መልሱልኝ ብለው ዳኛው ጋ ሄደው ያውቃሉ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሰው አልሞተብኝም ብዬ አመሰግናለሁ እንጂ።»

«ይኸውም እንደዚያው ነው። ባጃጅዎ ሰው የገጨ እንደሆነ ለተገጨው ድንኳን የሚጥል ነው። ካልገጨ ዓመቱ ያልፋል፤ የከፈሉትም አብሮ ያልፋል። አይጠራቀምም።»

እትዬ አልጣሽ ዓይናቸውን ከሚዛኑ አነሱ። «አይጠራቀምም?»

«አይጠራቀምም።»

«ያ ሁሉ ዓመት የከፈልኩት?»

«አልፏል።»

«የዘንድሮውስ?»

«መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ያለው ነው። ዓመቱ ሲሞላ እሱም ያልፋል።»

«ካንቺ እግር ጋር?»

«ከእኔ እግር ጋር።»

እትዬ አልጣሽ የያዙትን ቅቤ አስቀመጡ። ለዝማም እግር አዘኑ ማለት አይደለም። አልፏል ለተባለው ዓመት ሁሉ አዘኑ፤ ያም ለሥራው በቃ። እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ ሱቁን ዘጉ፣ ባጃጁ ውስጥ ገብተው ከዝማም ጎን ተቀመጡ።

«ንዳ» አሉት ምንተስኖትን፤ «የከፈልኩት ሳያልፍብኝ ንዳ።»

ጋሽ ድልነሳው ገና ፀሐይ ላይ ነበሩ።

«ድልነሳው፣ ፍታ።»

«ምኑን?»

«ያሰርከውን። እኔ ለምኜህ ነበር፤ አሁን ልመናዬን ወስጃለሁ።»

«አልጣሽ፣ እርቅ እኮ…»

«እርቁን ማን ነካው? አስታርቀን ስንልህ አስታረቅክ፤ አጥንት ገጣሚ ግን አይደለህም።»

እትዬ አልጣሽ አሉ፤ ሽማግሌው ፈቱ። ሽማግሌው ፈቱ፤ ልጁ ጣቢያ ገብቶ «እኔ ነኝ የገጨኋት» አለ። ልጁ ተናገረ፤ ሳጅኑ ጻፈ። ለልጁም የሚገባውን ቅጣት ጻፈለት፤ ልጁም ተቀበለ። ሰፈሩም መሳፈሩን አልተወም፤ እንዲያውም በቀስታ የሚነዳ እሱ ነው ተባለ።

ሳጅኑ ጻፈ፤ የመኪናው መድን ተናገረ። ከረባት ያሰረው ሰው ለነገ ሊቀጥራቸው ነበር። እትዬ አልጣሽ ግን ከጠረጴዛው ፊት አልተነሱም። «አንደኛ ወገን እኔ ነኝ አይደል?» አሉት። «ነዎት» አለ። «እንግዲያው አንደኛ ወገን እዚህ ተቀምጣለች» አሉ። ሰውየው ብረቱንም ቀዶ ጥገናውንም እንከፍላለን ብሎ ፈረመ። ዝማም ሥራ በፈታችበት ጊዜ ምን ያህል እንደቀረባት ለማወቅም ወደ አሠሪዋ ደወለ።

የመኪናው መድን ተናገረ፤ አሠሪው መሰከረ። ወጪው ከእሱ ኪስ እንደማይወጣ ሲሰማ አንደበቱ ተፈታ። «እንዴት አላውቃትም» አለ፤ «ሠራተኛዬ ናት፣ ከሁሉም የምትበልጥ ሰፊ ናት።» ይህን የመኪናው መድን ሰው በስልኩ ሰማ፤ ምስክርነቱም ተጻፈ።

አሠሪው መሰከረ፤ ጤና መድኑ ከፈለ። ለስብራቱ አይደለም፤ ስብራቱ ባለቤት አግኝቷል። ለቀዶ ጥገናው ስትመረመር የደም ግፊት ተገኘባት፤ መቼም አይገርምም። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ስታይ ፊቷ በራ። «ይሄ የእኛ ነው፤ ምርመራውም መድኃኒቱም በእኛ ነው።»

«ግፊት ስለያዘኝ ደስ አለሽ?» አለቻት ዝማም።

«አንዴ እንኳን እሺ ልበልሽ ብዬ ነው እህቴ።»

ጤና መድኑ ከፈለ፤ የመኪናው መድን ከፈለ፤ ሐኪሟ ገጠመች። ጠሞ ሊገጥም የጀመረውን አቃንታ፣ ብረቱን አስገብታ፣ ሰፍታ ዘጋችው። «ስፌቱን እዪው» አለቻት ስትነቃ፤ «ከአንቺ ስፌት ያንሳል፤ ይይዛል ግን።»

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሲሉ ዝማም በረንዳዋ ላይ ወጣች። ክራንቿን አልያዘችም። ተቀመጠች፣ ክር አስገባች፣ ቀኝ እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች። መጀመሪያ ቀስ አለች፤ አመማት። ደገመችው፤ አመማት። ሦስተኛውን ስትረግጥ መኪናው ዞረ፣ መርፌው ወረደ፣ ጨርቁ ሄደ።

አሠሪዋ መንገዱ ማዶ ሆኖ አያት። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮክ አለ፦ «ዝማም፣ እንኳን አቆመሽ። ዩኒፎርሙን ምሳ ሳይደርስ ታሻግሪልኛለሽ አይደል?»

ዝማም እግሯን ከፔዳሉ አላነሳችም።

«ተሰፍቶ ሲያልቅ እዚህ በረንዳ ላይ ያገኙታል» አለችው። «ለመውሰድ እርስዎ ይሻገሩ።»

አሠሪው ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ተሻገረ።

እትዬ አልጣሽ አሉ፣ ሽማግሌው ፈቱ፣ ልጁ ተናገረ፣ ሳጅኑ ጻፈ፣ የመኪናው መድን ተናገረ፣ አሠሪው መሰከረ፣ ጤና መድኑ ከፈለ፣ ሐኪሟ ገጠመች፣ እግሯም ፔዳሉን ረገጠ። ክሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ፤ የቀረውን በጥርሴ በጠስኩት።